የቦቱ ዋስ እኔ ነኝ ተባልኩ

ያን ቀን ጠዋት ጆንያ ስጠቅም ነበር። የሰሊጡ አጨዳ ደርሷል፤ የአምናዎቹን ጆንያዎች አይጥ ቦዳድሷቸዋል፤ ወስፌና ሲባጎ ይዤ ከደጃፌ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። መተማ ፀሐይዋ ገና ብቅ ስትል ጀምራ ነው የምትገርፈው። የእጅ ሥራ በጠዋት ካላለቀ አያልቅም።

እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ ሥራው ላይ አልነበረም። ትርንጎ፣ ይቺው የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ፣ እስከ ቀትር መልስ ትጠብቃለች። ጎንደር ስብሰባ ተጠርታለች። ኮንፈረንስ ይሉታል። ቀትር ላይ የመኪናው ወንበር ካልተያዘ ቀረ ማለት ነው። እሷ ልሂድ ትላለች፤ እኔ ይረባል አይረባም እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ።

የምን ስብሰባ እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ እኔም የገባኝ ቆይቶ ነው። አፊሌት ማርኬቲንግ ይባላል።

«ምንድን ነው እሱ?» ብላት፣

«የሰው ዕቃ በስልክ አስተዋውቃለሁ፣ እምዬ። እኔ በላክሁት ሊንክ ገብቶ የገዛ ሰው ካለ ኮሚሽን አገኛለሁ» አለችኝ።

«ድለላ ነዋ!»

«ኧረ ድለላ አይደለም!»

«ዕቃው የሰው፣ ገዥው የሰው፣ አንቺ መሀል ገብተሽ ትበያለሽ። ይኼ ድለላ ካልሆነ ምንኩስና ነው?»

ያን ጊዜ ጎረቤቴ ዘነቡ አብራን ነበረች። በአጥር ነው የምንዋሰነው፤ ባሎቻችንን የቀበርንም በአንድ ዘመን ነው። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ተያት ትሂድ አንቺ ሰው፣ ደላላም ቢሆን ስብሰባ ያስፈልገዋል» አለች።

እኔ ግን የፈራሁት ነበረኝ። አንደኛ መንገዱ። ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ ነገ ዝግ ነው ይባላል፤ መኪና ወጥቶ እስኪገባ ሰው ነፍሱን አንጠልጥሎ ነው የሚጠብቅ። ደግሞ ሰሊጡ አለ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገስም። ቀኑን ካሳለፉት አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት ለጉንዳን ነው። በማሳው የምትቆመው ትርንጎ ናት፤ ስብሰባው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ዋለ።

«እዚያ ሄደሽ ምን ታገኚያለሽ?» እላታለሁ።

«ትልልቆቹ ሻጮች ይመጣሉ። ያስተምሩናል። ሰው አውቃለሁ።»

«ሰው ለማወቅ ብለሽ ሰሊጥ ታራግፊ?»

እንዲህ ስንባባል ነው ያ ጠዋት የደረሰ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም። ክረምት ላይ ትርንጎ ጥቁር የላስቲክ ቦት ይዛልኝ መጣች። «ሻጮቹ ለናሙና ላኩልኝ» አለች። እኛ አገር ሲዘንብ ዋልካው እግር ከያዘ አይለቅም። አጠለቅሁት፤ ወፍራም ነው፣ ከጉልበቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። በጭቃው ውስጥ እስከ ፍየሎቹ በረት ሄጄ ተመለስኩ። ደስ አለኝ። እግሬን መሬት ላይ ደለቅሁና፣ «ይኼን ያጠለቀ ሰው እባብ ቢነድፈው የእባቡ ጥርስ ነው የሚሰበር! ካልሆነ እኔ ብርቄ ዋስ ነኝ!» አልኩ። ትርንጎ ለካ በስልኳ እየቀረጸችኝ ነው። አሳየችኝ፣ ሳቅን፣ አለቀ። ቢበዛ ጓደኞቿ ያዩታል ብዬ ነበር።

ዋስ ደግሞ እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ገበያ ወጥታችሁ በሬ ስትገዙ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ትሉታላችሁ። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩም ቢሰወር፣ የሚኬደው ዋሱ ቤት ነው። ዋስ «እኔ ምን አውቄ» አይልም። ከፍሎ ሻጩን ራሱ ይፈልጋል እንጂ።

እና ያን ጠዋት ወስፌውን አሾልኬ ቀና ስል ሁለት ሰዎች ከአጥሩ በር ቆመዋል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱ ሠራተኞች ናቸው፤ እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ሁለተኛው ጎረምሳ፣ ዱላ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎታል።

«እንደምን አደሩ፣ እመይቴ።» አነጋገሩ የጎጃም ነው።

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደራችሁ። ግቡ፣ ከጥላው ግቡ። ውኃ ልስጣችሁ?»

ጎልማሳው ፊቴን አተኩሮ ያየኛል። ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞረና በቀስታ፣ «ናቸው?» አለው።

ጎረምሳው፣ «ድምፃቸው ነው። ራሳቸው ናቸው» አለ።

አይቻቸው አላውቅም። ከየት ያውቁኛል?

«ብርቄ የሚባሉት እርስዎ ነዎት፣ እመይቴ?»

«ነኝ። ምነው?»

«የቦቱ ዋስ?»

ሰውየው ከያዘው ፌስታል ቦት አወጣና ከፊቴ አኖረው። ያው ጥቁር ቦት። ሶሉ ከፊቱ ተላቆ እንደ አዞ አፍ ተከፍቷል። ጎረምሳው ደግሞ ተቀምጦ ጨርቁን ፈታ። እግሩ ዱባ አክሏል፤ አውራ ጣቱ ጠቁሯል።

«እባብ?» አልኩ።

«እባብ» አለኝ። «ሰሊጥ ውስጥ። ቦቱ ተከፍቶ ኖሯል፣ አላየሁትም። ጤና ጣቢያ አድርሰውኝ ነው የተረፍኩ።»

ጎረምሳው አንለይ ይባላል፤ ጎልማሳው ደሴ፣ የአጎቱ ልጅ ነው። ደሴ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። አብረዋቸው ከሚሠሩት አንዱ ስልክ አለው። ማታ ማታ ትርንጎ ከሊንኩ ጋር የለጠፈችውን የእኔን ቪዲዮ እየከፈተ ያሰማቸዋል። «ዋስ ነኝ» ስል ሰምተው ጓዶቹ ሁሉ አዘዙ፤ ዕቃው በሕዝብ መኪና ተጭኖ መጣላቸው። ባለ ዕቃው ጋ ቢደውሉ አያነሳም።

«ዋስ ካለን ምን ጨነቀን ብለን፣ ጠይቀን ጠይቀን መጣን» አለ ደሴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ወጉ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ዋሱ ቤት እንደመጣ ሰው ነው የቆመው።

በዚህ መሀል ትርንጎ ከቤት ወጣች። የአንለይን እግር አየች፣ ቦቱን አየች፣ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ የእኔን ቦት አመጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ለዓይን አንድ ናቸው። በእጅ ሲይዙት ግን የእኔው ወፍራም፣ የእነሱ እንደ ፌስታል ይታጠፋል።

«እምዬ፣ ይኼ እኮ ያ አይደለም።»

«አንቺ የላክሽው አይደለም?»

«እኔ ዕቃ አልልክም። ሊንኩን ብቻ ነው። ዕቃውን እነሱ ናቸው የሚልኩት። አይቼው አላውቅም።» እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «አልሄድም። ስብሰባውም ይቅር። ሞቼ ብሆን!»

አትቁሚ፣ ትርንጎ፣ ጻፊው። ያልሽውን ነው የምናገር።

እኔ ግን ስንት ቀን ሙሉ ያልቆረጠልኝ ነገር በዚያች ደቂቃ ቆረጠልኝ። «ሻጮቹ ይመጣሉ ብለሽኝ የለም?» አልኳት።

«ይመጣሉ።»

«በስልክ የማያነሳ ሰው እዚያ ፊት ይኖረዋል። አሁን ነው የምትሄጂው! እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ሰሊጡስ?»

ደሴ ነው የመለሰላት። «ሰሊጡን ለእኛ ይተዉት፣ እመይቴ። እርስዎ ዋስነትዎን ያድርሱ። እኛ አጭደን፣ ነዶውን እንዲደርቅ በሂላ አደጋግፈን አቁመን እንጠብቅዎታለን።»

በማግስቱ ተሳፈርን። ዘነቡ ያን ቀን ከገበያ ስላልተመለሰች የቤቱን ቁልፍ ለልጇ ሚስት ሰጥተን ነው የወጣነው። የአንለይን ቦት በጆንያ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። መንገዱን አላወራላችሁም፤ በየኬላው እየወረድን፣ እየተፈተሽን፣ በየዳገቱ እየጸለይን ደረስን። አንዱ ፈታሽ ጆንያዬን ከፍቶ፣ «እማማ፣ አንድ እግር ቦት የት ይወስዳሉ?» አለኝ። «ባለቤቱን ፍለጋ» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ስብሰባው ሆቴል ውስጥ ነው። ሁሉም ልጆች ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ስማቸውን አንጠልጥለዋል። እውነቱን ልናገር፣ ክፉ ልጆች አይደሉም። ደረጃውን ደግፈው አወጡኝ፣ የፊተኛውን ወንበር ለቀቁልኝ፣ የታሸገ ውኃ ከፍተው ሰጡኝ። አንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ መድረክ ላይ ይንጎራደዳል። ስለ ሽያጭ ይናገራል፤ ግማሹ አይገባኝም። እኔ ባለ ቦቱን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ድንገት መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ብርሃን በራ። የቤት ጣራ የሚያክል የራሴን ፊት አየሁት።

በስማም አብ! ጥርሴ፣ ሻሼ፣ የፍየሎቼ በረት፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ። እግሬን እደልቃለሁ። «ካልሆነ እኔ ብርቄ ዋስ ነኝ!» ድምፄ ቤቱን ሞላው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። የወንበሬን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ። ሰው ሞቶ ራሱን ከላይ ሆኖ ሲያይ እንዲህ ይሆን? አልኩ።

«ደንበኛ የሚያምነውን ፊት ፈልጉ የምላችሁ ይኼን ነው!» ይላል ባለ ድምፅ ማጉያው። «የዚህ ፊት ባለቤት ደግሞ ዛሬ አብረውን አሉ! እማማ ብርቄ!»

ደግፈው መድረክ ላይ አወጡኝ። ድምፅ ማጉያውን አስያዘኝ። ጆንያውን ፈታሁና ቦቱን አወጣሁት።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «እኔ ልሸጥ አልመጣሁም። ይኼ ቦት የሰው ልጅ አስነድፏል። አንለይ የሚባል የጎጃም ልጅ፣ እግሩ ዱባ አክሎ ቤቴ መጥቷል። ዋስ ነኝ ብያለሁና ባለ ዕቃውን ፍለጋ መጣሁ። ማነው ባለቤቱ?»

ጸጥ አለ። ልቤ አረፍ አለ፤ ሰሙኝ አልኩ። ባለ ድምፅ ማጉያው ግን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና፣ «አያችሁ? እማማ ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል! ታሪክ ማለት ይኼ ነው!» አለ። አጨበጨቡ! ሰው ተነደፈ ብዬ ስናገር አጨበጨቡ። ብዙዎቹ ስልካቸውን አንስተው እየቀረጹኝ ነው። በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ፤ ጦርነት ሲመጣ ደንግጫለሁ፣ ልጅ ቀብሬ ደንግጫለሁ። እንደዚያ ጭብጨባ ያለ ድንጋጤ ግን አላውቅም።

ለምሳ ሲወጡ ቦቱን ይዤ በየመሀላቸው ዞርኩ።

«ልጄ፣ ይኼን ታውቀዋለህ?»

«እንዴ እማማ! እኔም እሸጠዋለሁ።»

«በእጅህ ይዘኸው ታውቃለህ?»

«አይ፣ ፎቶውን ነው የምለጥፈው።»

ሌላዋንም ጠየቅሁ። «እሸጠዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም።» ሌላውም ያው። አንዷማ ከእጄ ተቀበለችኝና ገለባብጣ አየችው። «እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ጓደኞቿን ጠራች፤ እየተቀባበሉ አዩት፣ እንደ ጉድ። ያ ሁሉ ሰው ይሸጠዋል፤ ይዞት የሚያውቅ ግን ከእኔና ከትርንጎ በቀር የለም።

በኋላ ትርንጎ አንድ ኮት የለበሰ ልጅ አመጣችልኝ። የሻጮቹ ሰው ነው። ትሑት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ቅሬታ በስልክ ነው የምንቀበለው፣ እማማ።»

«ስልኩን ማን ያነሳል?»

«እሱን የሚይዘው ሌላ ክፍል ነው። እኔ ማስታወቂያ ላይ ነኝ።»

«ዕቃውን የሚልከውስ?»

«መጋዘኑ የሌላ ነው። እነሱም የሚያስመጡት ከውጭ ነው።»

«የተነደፈው ልጅስ? ለእሱ ዋሱ ማነው?»

ልጁ አሰበ። አሹፎብኝ አይደለም፣ ከልቡ ነው ያሰበ። ከዚያ ፈገግ አለና፣ «እንግዲህ ሰዉ የሚገዛው እርስዎን አምኖ ነው። ዋሱስ እርስዎ ይመስሉኛል» አለኝ።

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ያ ሁሉ መንገድ ሄጄ ያገኘሁት ባለቤት እኔው ነኝ ማለት ነው።

ትርንጎ ስልኳን አወጣች። «ምን ልታደርጊ ነው?» አላት ልጁ።

«ላጠፋው ነው።»

«አስቢበት ትርንጎ። ያለሽ ገቢ በሙሉ እኮ ከእሱ ነው። ሽልማትም ተዘጋጅቶልሻል።»

«አንለይ የጠቆረ ጣቱን ይዞ ነው የሚያስብ» አለችውና አጠፋችው። ሽልማቱን ሳትጠብቅ ወጣን።

ተገላገልን ብዬ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ሳለ የማውቀው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። «ካልሆነ እኔ ብርቄ ዋስ ነኝ!» ብድግ አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ያያል። ወደ ትርንጎ ዞርኩ።

«አጥፍቼዋለሁ አላልሽም?»

«የእኔን ነው ያጠፋሁት፣ እምዬ። ሌሎች ቀድተውታል። እሱን ማጥፋት አልችልም።» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ ነበር እናቶቻችን። አፋፍ ቢሆን ተሯሩጬ እደርስበት ነበር። ይኼ ግን የት እንዳለ እንኳ አላውቀውም።

መተማ ስንገባ ሰሊጡ ታጭዷል፤ ነዶዎቹ በሂላ ተደግፈው ቆመዋል፣ አንዲት ፍሬ አልረገፈችም። እነ ደሴ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ እኔ ግን ባዶ እጄን መጣሁ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ሻጩ ካልተገኘ ዋሱ ይከፍላል» አልኩ። ሰሊጡ ሲራገፍ ቦቱን ለገዙት ጓዶቻቸው ሁሉ እንዲካፈል አልኩ። አንለይ እንቢ አለ፤ «እኔ ድኛለሁ፣ እመይቴ፤ ከእርስዎ አፍ ነጥቄ አልበላም» ብሎ ማለ። ደሴ ነው የገላገለን፤ «ተቀበል፤ ካልሰጡን እሳቸውም እንቅልፍ አይወስዳቸውም» አለው። ተቀበሉኝ።

ከዚያ ትርንጎን «ቅረጪኝ» አልኳት። የተከፈተውን ቦት ይዤ ከዚያው በረት ፊት ቆምኩ። «ዋስነቴን አንስቻለሁ። የገዛችሁ አታጥልቁት» አልኩ። ያንን ያየው ሰው ጥቂት ነው ትለኛለች። ሳቄን ሁሉም ያያል፣ ልቅሶዬን የሚያይ የለም።

አሁን ይኼን የምታነቡ፣ «ታዲያ ስብሰባው ይረባል ወይስ አይረባም?» ትሉኝ ይሆናል። በየቦታው እንደሚጠሩ ሰምቻለሁ፤ የእናንተም ልጅ ልሂድ ትላችሁ ይሆናል። ለእኔ ረብቶኛል። ባልሄድ ኖሮ እስከ ዛሬም የሆነ ቦታ አንድ ባለቤት ተቀምጧል ብዬ እያመንኩ እኖር ነበር። እንግዲህ ልጃችሁ የምትሄድ ከሆነ የምትሸጠውን ዕቃ በእጇ ይዛ ትሂድ፤ «ይኼ ቢበላሽ የማን ቤት ነው የሚኬድ?» ብላ ትጠይቅ። የሚመልስላት ካገኘች ትቀመጥ። ካላገኘች ምሳዋን በልታ ትምጣ። ትርንጎ ዛሬም ትሸጣለች። በእጇ ያልያዘችውን ግን አታነሳም፤ ገቢዋም እንደ ድሮው አይደለም። አላስተዛዝናትም፣ እሷም አትጠይቀኝም።

እኔም ለውጦኛል። ድሮ ስጫወት አፌ አይያዝም ነበር። አሁን «ጥሩ ነው» ለማለት እንኳ ዞር ብዬ ማን እንደሚሰማ አያለሁ።

ከተመለስን ከቀናት በኋላ ዘነቡ መጣች። ሰላም ብላኝ ተቀመጠችና ከነጠላዋ ሥር ጥንድ ቦት አውጥታ ከእግሬ ሥር አኖረችው። ያው ጥቁር ቦት። ልጇ ሙሉቀን ለአጨዳ ወደ አብርሃ ጅራ ሄዶ ነበር፤ ለእሱ ገዝታለት ኖሯል። እኛ ጎንደር ሳለን የአንለይን ወሬ ስትሰማ ሰው ልካ አስወልቃዋለች። ልጁ ምንም አልሆነም፣ እግዜር ይመስገን።

«በአጥር እየተዋሰንን፣ ምነው ሳትጠይቂኝ ገዛሽ?» አልኳት።

ዘነቡ አየችኝ፤ ልትቆጣኝም ልታጽናናኝም አልፈለገችም።

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ፣ ብርቄ?» አለችኝ። «ሻጩን አላውቀው፣ ስልኩን አላውቀው። አንቺን አውቅሻለሁ ብዬ ነው ለልጄ ያጠለቅሁለት።»